የእምብርትን ሥልጣን ለመመለስ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ እምብርት፣ የሆድ መካከለኛ፣ የወገብ ጠባቂ፣ የሽንሽን ሁሉ የበላይ፣ በስኮትላንድ በደጋውም በቆላውም ለምትኖሩ፣ ባሕር ተሻግራችሁ በኖቫ ስኮሺያና በሲያትል ለሰፈራችሁ፣ ኪልት የሚባለውን ባለሽንሽን የወንድ ቀሚስ ለምትለብሱ ሁሉ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ሥልጣናችን ግን ደህና አይደለም።

ጂንስ የሚባል ወራሪ ወንዱን ሁሉ ከወገቡ አውርዶ ዳሌው ላይ ስላሰፈረው፤ ኪልት ሲያሰፋ የሱሪውን ቁጥር ነግሮ የሚገላገል ሰው ስለበዛ፤ ያም ቁጥር የሱሪ ሻጭ ውዳሴ እንጂ ልክ ስላልሆነ፤ በዚህም የተነሳ በየሠርጉ በአንድ እጁ ብርጭቆውን፣ በሌላው ኪልቱን ይዞ የሚቆም ዜጋ ስለተበራከተ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ስለ ልኬት

ኪልት የሚታሰረው በእኛ ትክክል ነው። ለባሹ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፊት ለፊት ያያል፣ ሜትሩን የሚይዘውም ሌላ ሰው ነው። ራሱን በራሱ የሚለካ ሰው ቁጥሩን ለማንበብ ሲያጎነብስ ሜትሩ በጀርባው በኩል ሾልኮ ይወርዳል፣ ሆዱም ይታጠፋል፤ ያገኘው ቁጥር የማንም ወገብ አይደለም። ሲለኩ ትንፋሽ መያዝና ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ በሐሰት እንደ መመስከር ይቆጠራል። ሰፊው ቢያምን እንኳ የሠርጉ እራት ሲቀርብ ውሸቱ ይወጣል።

ቦርጭ ያላችሁ ወንድሞቻችን ከቦርጩ ሥር ማሰር እንደምትወዱ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ግን ፊቱ ወርዶ ኋላው ሲነሳ ሰፊውን አትውቀሱ።

ሁለተኛው ልክ የመቀመጫ ነው፤ በሰፋበት ቦታ ላይ ይለካል። እዚህ ላይ ማፈር አያዋጣም። ሽንሽኑ ከወገብ እስከ መቀመጫ በስፌት የተያዘ ነው፤ ከዚያ በታች ነጻነቱን ያገኛል። መቀመጫው ላይ ከጠበበ ግን ባለቤቱ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ሽንሽኑ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፤ 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ሱፍ መስመር በመስመር ገጥሞ ያጠፈው ሰው ልፋቱ ገደል ገባ።

አንቀጽ 2፦ ስለ ርዝመት

ዜጋው ይንበረከካል። (መንግሥታት ሁሉ ይህን ሲመኙ ኖረዋል፤ እኛ የምንፈልገው ለጠርዙ ብቻ ነው።) ተንበርክኮ ጀርባውን ሲያቀና ጠርዙ ወለሉን ለጥቂት ከሳተ ልኩ ነው። ወለሉ ላይ ከተኛ ረዝሟል። ሲነሳም ጠርዙ የጉልበቱ ሎሚ አካባቢ መዋል አለበት።

ያጠረ ኪልት የሚያመጣውን ጣጣ ለማስረዳት የራሳቸው የንጉሡ ነገር ይበቃል። የብሪታንያው ጆርጅ 4ኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1822 ኤድንብራን ሲጎበኙ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዱት ድግስ ላይ ከ1,300 ፓውንድ በላይ የወጣበት የስኮትላንድ ደጋ ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ። ኪልቱ ከጉልበት በላይ ቀረ። ከሥሩ ደግሞ የገላ ቀለም ያለው ታይት ነበር። የካርቱን ሠዓሊዎች ሲሳይ ወረደላቸው። ሠዓሊው ዴቪድ ዊልኪ በ1829 ባወጡት ሥዕል ላይ ታይቱን አጥፍተው፣ ጉልበቱን ገልጠው፣ ሰውነቱንም አሳምረው የንጉሡን ክብር አተረፉ። ሌሎቻችሁ ዊልኪ የላችሁምና ቀድማችሁ ተለኩ።

አንቀጽ 3፦ ስለ ክልከላ

ረዘመ ተብሎ የሱፍ ኪልትን እንደ ሱሪ ከታች መቁረጥ ፈጽሞ ክልክል ነው። የታችኛው ጠርዝ ከሽመናው የወጣ የጨርቁ ዳር ነው፤ አይታጠፍም፣ አይቀመቀምም። ማሳጠር ከላይ ነው፤ ያም ማለት ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ኪልት ይዞ የሚውለው የጎኑ ጠፍርና ዘለበት እንጂ ቀበቶው አይደለም። ጌጠኛው መርፌ ቁልፍም የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይውጋ፤ ሁለቱን ከሰፋ አረማመዱን ያስራል፣ ጨርቁንም ይቀዳል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ዘመናዊ ኪልቶች

ከጂንስ ጨርቅና ከጥጥ የተሰፉ፣ በጎን ትልልቅ ኪስ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ዳሌ ላይ እንዲያርፉ የተቆረጡ ኪልቶች ራስ ገዝ ሆነዋል። እያዘንን ፈቅደናል። ሆኖም የትም ይታሰሩ፣ በሚታሰሩበት ይለኩ፤ ርዝመቱም ከዚያው ይቆጠር። ከእኛ ቆጥሮ ዳሌው ላይ ያሰረ ሰው ኪልቱ ቅልጥሙ ላይ ቢወርድ አቤቱታ አንቀበልም። መዶሻና የቁልፍ ክምር ኪሱ ውስጥ ጭኖ "ይወርድብኛል" ለሚለውም እንደዚሁ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ቅጣት

እ.ኤ.አ. በ1746 ለንደን ላይ የወጣው ሕግ፣ ወታደር ካልሆነ በቀር፣ ኪልት የለበሰውን ሁሉ ልኩ ሆነም አልሆነም ለመጀመሪያው ጥፋት 6 ወር እስር፣ ለሁለተኛው 7 ዓመት የባሕር ማዶ ግዞት ይቀጣ ነበር። በ1782 ተሽሯል። እኛ ርኅሩኆች ነንና ቅጣቱን ለኤድንብራ ነፋስ አስረክበናል። ይግባኝ አይባልበትም።

አንቀጽ 6፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ያለልኩ ገዝቶ የተገኘ ሰው፣ ስሕተቱ ሁለት ጣት ያህል ከሆነ፣ ዘለበቱን አዛውሮ ምሕረት ያገኛል። ከዚያ ካለፈ ኪልቱን ለታናሽ ወንድሙ ያስረክባል፤ ታናሽ ወንድሙም አመስግኖ ከመቀበሉ በፊት ይለካል።

አዋጁ ከእራት በኋላ የጸና ይሆናል።