የእመት ጦጢት ማውጫ

ተረት ተረት። የላም በረት።

አራዊት ደብዳቤያቸውን የሚያኖሩት በአንድ ዋሻ ነበር። ደብዳቤው ሲበዛ አንዱን ፈልጎ ማውጣት ቀን ሙሉ ይፈጅ ጀመር። እመት ጦጢት መላ አመጣች፤ የትኛው ቃል በየትኛው ደብዳቤ እንዳለ እየለቀመች በብራና ጻፈች። «ዝናብ» ያላት ሁሉ ወዲያው መልስ ያገኛል። አያ አንበሳም «ማውጫው ቢበላሽ አቃጥላችሁ ከደብዳቤዎቹ እንደገና ጻፉት» ሲል አወጀ። ያን ጊዜ ልክ ነበር፤ ከደብዳቤዎቹ ያልመጣ አንድም ቃል አልነበረበትምና።

ግን ማውጫው ቅርብ ነው፣ ዋሻው ጥልቅ። ኤሊ «ለዚህኛው መልስ አልሰጠሁም» ብላ በኅዳጉ አስጻፈች። ጃርት ከከርከሮ የተበደረውን አምስት ቁና ማሽላ ሲመልስ፣ የብድሩን ደብዳቤ ለማውጣት ሰነፈና «ተከፍሏል» የሚለውን እዚያው ኅዳግ ላይ አሰፈረ፤ ከርከሮም ሰኮናውን ቀለም ነክሮ አተመበት። ጦጢት ራሷ በዋሻው ደጅ በቆዳ ላይ ተጽፎ የተሰቀለውን ደንብ፣ ማን እንደሚገባና የትኛው ደብዳቤ ለጠያቂ እንደማይታይ፣ ወደ ማውጫው ሽፋን ገለበጠችውና ቆዳውን አንጥፋ ተኛችበት። አልፈርድባትም፤ ሁሉም ባንድ ቦታ ሲሆን ይመቻል።

(ኖትማች በተባለው የኢሜይል ማውጫ የሚሠሩ ሰዎች ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። ኢሜይሉ በፋይል ይቀመጣል፤ ሰው የለጠፈው ታግ ግን በዛፒያን ዳታቤዝ ውስጥ ነው። በኋላ ከቅንብሩም እዚያው የሚቀመጥ መጣ። «ዳምፕ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ተራ ጽሑፍ ገልብጦ ያላስቀመጠ፣ ዳታቤዙን የሰረዘ ዕለት ያለቅሳል።)

ቀበሮ «የኅዳጉን ጽሑፍ ብቻ በየወሩ ገልብጠን ሌላ ቦታ እናኑር» ቢል ሳቁበት። «ማውጫ እኮ ነው! አዋጁን አላነበብክም?»

ማውጫው ውስጥ ምስጥ ገባ። ተረኛው ጠባቂ ጉሬዛ አዋጁን ቃል በቃል ፈጸመ፤ አቃጠለ፣ እንደገና ጻፈ። «ዝናብ» እንደ ድሮው ተገኘ። ከርከሮም አምስት ቁናውን ሊጠይቅ መጣ። ጃርት «ሰኮናህን አትመሃል!» ቢል ኅዳጉ ባዶ ነው፤ ደግሞ ከፈለ።

ጅቦ በበኩሉ «ግብር» የሚል ቃል ሲፈልግ፣ ደንቡ ከሽፋኑ ጋር ተቃጥሏልና፣ በአያ አንበሳ ላይ የተጻፉ፣ ለዓመታት ማንም ያላያቸው አቤቱታዎች ተግተልትለው ወጡ።

በማግስቱ አዲስ አዋጅ ተነገረ። ማውጫ ያቃጠለ ይሰቀላል። የቀበሮ ሐሳብ ለኮሚቴ ተመራ።