ንፋስ የሚገፋ ቤት

ሞተርሆም አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ተሸክሞ በራሱ ሞተር የሚሄድ ቤት ነው። መኪና በመሆኑ ነዳጅ ይጠጣል፤ ቤት በመሆኑ ደግሞ አብዝቶ ይጠጣል። በአሜሪካ «ክላስ ኤ» የሚባለው አውቶቡስ የሚያክል ዓይነት በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ገደማ ቤንዚን ቢፈጅ ባለቤቱ አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው ጎረቤቱ ነው። በአውሮፓ የተለመደው፣ ብዙ ጊዜ በፊያት ዱካቶ ላይ የሚሠራው ትንሹ ዓይነት ግን ከ10 እስከ 12 ሊትር ናፍጣ ይበቃዋል። ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ትልቁ ቤት አገር አቋርጦ ሲደርስ 1,350 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ተኩል ጨርሷል። ጉዞው የታሰበው የሆቴል ወጪ ለመቆጠብ ነበር።

ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን የሚወስደው ንፋስ ነው። የቤት መኪና ፊት ለፊት ከንፋስ ጋር የሚጋፈጥበት ስፋት ከ2 ካሬ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ መስታወቱም ያዘነበለ ስለሆነ ንፋሱን እያንሸራተተ ያልፋል። ትልቁ ሞተርሆም ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል የማያንስ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ አያንሸራትትም፤ ይገፋል። በዚያ ላይ ጣሪያው ላይ የቆመው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ፖርቶ መጋላው፣ ከኋላ የተንጠለጠለው ብስክሌት ሁሉ የየድርሻቸውን ያነሳሉ። ብስክሌቱ ብዙ ጊዜ ሳይነዳ ወጥቶ ሳይነዳ ይመለሳል።

የንፋስ ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ105 ኪሎ ሜትር ወደ 90 ዝቅ ያለ ሾፌር ከንፋሱ ግፊት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ሁሉም ነዳጅ ለንፋስ ስለማይውል የሚተርፈው ሙሉ ሩብ ባይሆንም፣ በማንኛውም «ነዳጅ ቆጣቢ» ጠርሙስ ከሚገኘው ይበልጣል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ያው 4,500 ኪሎ ሜትር ከ43 ሰዓት ወደ 50 ሰዓት ከፍ ይላል። ጡረታ ወጥቶ፣ አገር እያየ ለመኖር ብሎ ቤት በጎማ ላይ የገዛ ሰው ያቺን 7 ሰዓት ለምን እንደሚሳሳላት ፊዚክስ አያስረዳም።

ንፋሱ ራሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። በ90 የሚሄድ መኪና በ30 የሚነፍስ ንፋስ ከገጠመው፣ ለግድግዳው ፍጥነቱ 120 ነው፤ ግፊቱም ከሦስት ሩብ በላይ ይጨምራል። በአሜሪካ ከባድ ትራክ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን በንፋሷ የታወቀችውን የዋዮሚንግ ግዛት ሜዳ ያቋረጡበት ቀን ቀመሩን ያለ አስተማሪ ይማሩታል። በእንዲህ ያለ ቀን የተሻለው ቁጠባ ቆሞ ቡና ማፍላት ነው፤ ምድጃው እንደሆነ አብሮ መጥቷል።

ፍጥነት ቀንሶ ነዳጅ መቆጠብን የአሜሪካ መንግሥትም አንድ ጊዜ በሕግ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ አሜሪካን ሲይዛት፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጃንዋሪ 1974 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ፈረሙ። ሕጉ የተሻረው በ1995 ነው። የጄነራል ሞተርስ ክፍል የሆነው ጂኤምሲ የራሱን ሞተርሆም ያወጣው ልክ በ1973 ነበር። ቁመቱ ዝቅ፣ ቅርጹ ለስለስ ያለ፣ በፊት ጎማ የሚነዳ፣ ለንፋስ የታሰበለት ውብ ሥራ ነው። ከኮፈኑ ሥር ግን 7.5 ሊትር ሞተር ተቀምጧል። መሥራቱ በ1978 ቢቆምም፣ ዛሬም አሳምረው የሚይዙት ወዳጆች አሉት፤ ስለ ነዳጁ ሲጠየቁ ስለ ቅርጹ ይመልሳሉ።

ክብደት በሜዳ ላይ ከንፋስ ያነሰ ጠላት ነው፤ ዳገት ላይ ግን ቀዳሚ ይሆናል። 300 ሊትር ንጹሕ ውኃ 300 ኪሎ ነው፤ 60፣ 60 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎችን በነጻ እንደ መጫን ማለት ነው፤ ለዚያውም የማይጫወቱ ሰዎች። በኮሎራዶ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከእንጦጦ ራስ ከፍ ብሎ ወደሚገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ የሚወጣ ቤተሰብ ይህን ውኃ እያንዳንዷን ሜትር በነዳጅ ገዝቶ ያወጣዋል። ማደሪያው ውኃ ካለው ጋኑን ባዶ አድርጎ መነሳት ይሻላል። የፍሳሹንም ጋን ከመንገድ በፊት መድፋት ያስፈልጋል፤ ትናንት የታጠበን ሳህን እጣቢ ተራራ ማሳየት ምንም ጥቅም የለውም።

ቁልቁለት ላይ አንዳንድ ሾፌር ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅን እንደ ጥበብ ያያል። ልማዱ ከድሮ ካርቡሬተር የተወረሰ ነው። የዛሬው ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ መርጨቱን ጭራሽ ያቆማል፤ ዜሮ ላይ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል። ብዙ ቶን በፍሬን ብቻ ማውረድ የሚያስከትለው አደጋ ደግሞ ከቁጠባ ወሬ ውጭ ነው።

ጎማን በእርግጫ መርምሮ «ደህና ነው» ማለትም እንዲሁ የማያዋጣ ልማድ ነው። ልኩ የሚታወቀው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ ነው። የጎደለ ንፋስ ነዳጅ የሚጨምረው ጥቂት ቢሆንም፣ በከባድ ቤት ሥር ጎማን አግሎ ማፈንዳቱ ዋናው ነገር ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ቤቱ ቆሞ የሚጠጣውን ነው። ለጣሪያው ማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጄኔሬተር በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ቢፈጅ፣ ስምንት ሰዓት በሚዘልቅ ሌሊት 16 ሊትር ይሆናል። ይህ ለትልቁ ሞተርሆም የ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ቤተሰቡ ከቦታው ሳይነቃነቅ 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያድራል ማለት ነው። ሠሪዎቹ ይህን ስላወቁ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚስብበትን ቧንቧ ብዙ ጊዜ እስከ ሰልባትዮው ወለል አያደርሱትም፤ ሩብ ያህል ሲቀር አየር ስቦ ይጠፋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በላብ ተጠምቆ ይነሳል፤ ማደያ ድረስ የሚያደርስ ነዳጅ ግን አለው።