ስንት ፌስታል ወሰዱ?

እናቴ በ2017 ዓ.ም.፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ሁለት ሻንጣ ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። ሁለቱም ልክ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ናቸው። ቤት ገብተን ሲከፈቱ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ፌስታል ነው። በርበሬው በፌስታል፣ ያ ፌስታል በሌላ ፌስታል፣ እሱም በሦስተኛ ፌስታል። ሽሮው እንደዚያው። በሶውና ኮሰረቱም ደርበዋል። ሚጥሚጣ ጠባዩ ስለማይታመን አራት ተደርቦለት፣ እንደ ጥምቀት ካህን ካባ በካባ ላይ ሆኖ ነው የመጣው።

ቋጠሮውን በጥርሷ መፍታት ስትጀምር መቀስ አቀበልኳት። «ፌስታል ይቀደዳል እንዴ?» ብላ ገላመጠችኝ። አንዱን በፈታች ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች፤ በመዳፏ ዳብሳ አየሩን ታስወጣለች፤ በቁመቱ ለሦስት ታጥፈዋለች፤ ከዚያ ከጫፉ ጀምራ ሦስት ማዕዘን እያደረገች ትጠቀልልና ማንጠልጠያውን መጨረሻ ላይ ትወትፈዋለች። ማታ ላይ ስቆጥር ስልሳ አንድ ሳምቡሳ ተደርድሯል። እንግዳ ቢመጣ ዘይት አግሉ ይለን ነበር።

በነጋታው ጠዋት «ግሮሰሪ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ቁልፌን አነሳሁ። እናቴ ክው አለች። አዲስ አበባ ግሮሰሪ ማለት ቢራ የሚጠጣበት ቤት መሆኑን እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ረስቼዋለሁ። «በጠዋቱ? በባዶ ሆድህ?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። በር ላይ ጎመንና ሙዝ ስታይ ነው ፊቷ የተፈታው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚህ አካባቢ ድልድይ በተሻገሩ ቁጥር የፌስታል ሕግ ይቀየራል። ከወንዙ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ከጥር 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ታስከፍላለች፤ አብዛኛው የሚሄደው አናኮስቲያ የሚባለውን ወንዛቸውን ለማጽዳት ነው። የእኛ ሰው የሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንጎመሪ ካውንቲ በ2012 ተከተለ። የእኛዋ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በ2022። እናቴ ስትመጣ ሁሉም ጋ ዋጋው ያው አምስት ሳንቲም ነበር። አገር ቤት ሰው «አምስት ሳንቲም የለኝም» ሲል ማጣቱን መናገሩ ነው እንጂ ፌስታል መግዣ አነሰኝ ማለቱ አይደለም።

አምስት ሳንቲም ግን አትናቅም። እናቴ ከመምጣቷ አንድ ወር በፊት ይቺው አምስት ሳንቲም ምን እንዳደረገችኝ ልናገር። ደርዘን ሙሉ የጨርቅ ቦርሳ አለኝ። ሁሉም መኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይኖራሉ፤ ትዝ የሚሉኝ ግን መክፈያው ጋ ስደርስ ነው። ያን ቀንም ረሳኋቸው። ተመልሼ እንዳላመጣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ፌስታል እንዳልገዛ እልህ ያዘኝ። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ፤ «ዛሬም ረሳሁ» ብሎ ሰው ፊት መፈረም ነው። ስለዚህ ወተቱን በአውራ ጣቴ አንጠልጥዬ፣ ዳቦውን ብብቴ ውስጥ ሽጉጬ፣ ሽንኩርቱን ታቅፌ፣ የእንቁላሉን ካርቶን በአገጬ ተጭኜ ወጣሁ። የመኪናው ቁልፍ ሱሪ ኪሴ ውስጥ መሆኑ የታወሰኝ መኪናው አጠገብ ቆሜ ነው። ቀስ ብዬ ዳሌዬን ወደ ጣቴ ለማስጠጋት ሞከርኩ። እንቁላሉ ሄደ። በወፍ ጉንፋን ምክንያት የእንቁላል ዋጋ ሰማይ የነካበት ሰሞን ነበር፤ ደርዘኑ ስድስት ዶላር። የመኪናውን ኋላ ስከፍት አሥራ ሁለቱ ቦርሳዎቼ ተጣጥፈው ተኝተዋል።

ወደ እናቴ ልመለስ። አትክልቱ ጋ ስንደርስ፣ እንደ ሶፍት ተጠቅልሎ የተሰቀለውን ስስ ላስቲክ አየች። «ይኼስ ስንት ነው?»

«ይኼ ነጻ ነው።»

የቨርጂኒያ ሕግ ለአትክልት፣ ለሥጋ፣ ለዓሣ፣ ለአይስክሬም መያዣ የሚሆነውን ላስቲክ ከክፍያ ነጻ አድርጎታል። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ሕጉ ግን ከእኔ ቀድሞ ገባት። አንድ ሎሚ በአንድ ላስቲክ፣ ሁለተኛው ሎሚ በሌላ። ዝንጅብሉ ለብቻው ቤት ተሰጠው። ሰባት ቃሪያ ለሁለት ተከፍሎ ገባ።

«ቃሪያዎቹ ተጣልተዋል?» አልኳት።

«አንተ ዝም በል፤ ለኮሰረቱ መያዣ ይሆናል።»

የጨርቅ ቦርሳዎቹን በእርግጥ ረስቻቸዋለሁ። ራስህ እየነካካህ ራስህን የምታስከፍልበት ማሽን ጋ ደረስን፤ ዕቃውን አሳለፍኩ፤ ሁለት ፌስታል ስቤ ሞላሁ። ማሽኑ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለው፦ ስንት ፌስታል ወሰዱ? ከጥያቄው ሥር ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከዜሮ ይጀምራሉ። ይህ ማሽን እንደ ንስሐ አባት ምሥጢርህን አያወጣም፣ ስግደት ግን አያዝም፤ የሚጠብቀው ቃልህን ብቻ ነው። እኔም ባለችኝ ቃል ዜሮን ነካሁ። የምነግራችሁ አንድም ሰው ስላልያዘኝ ሳይሆን እናቴ ስለያዘችኝ ነው።

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«ስንት ፌስታል ወሰድክ አለኝ።»

«አንተስ?»

«…»

እናቴ ጣቷን ወደ ማሽኑ ቀሰረች። «ይቺ ክብ ነገር ምንድን ናት? ዜሮ አይደለችም? ቁጥር እኮ አውቃለሁ!» ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ለሰፈር የሚበቃ ነው። «ስልሳ አንድ ፌስታል ይዤልህ መጥቼ ሁለት ፌስታል ትሰርቃለህ? ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?»

እዚህ አካባቢ በአማርኛ ሚስጥር ማውራት እንደማይቻል ለአዲስ መጪ የምመክረው እኔ ነኝ። ማሽኖቹን የምትቆጣጠረው ልጅ አንገቷን አቀርቅራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ መጣች። «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ከአገር ቤት ነው? ይተዉት፣ ምንም አይደለም፤ እኔ እከፍልለታለሁ» አለች።

ይቺን ነበር ማለት ያልነበረባት።

«እንዴት ተደርጎ! የኔ ልጅ፣ አንቺማ አትከፍይም።»

«በሞቴ እማማ!»

«አትማይ! ሞቼ ልገኝ አትከፍይም!»

ልጅቷ ካርዷን ከኪሷ አወጣች። እናቴ እጇን ያዘች። እናቴ ከመቀነቷ መሐረብ ፈታች፤ ውስጡ የመቶ ብር ኖት አለ። ልጅቷ የእናቴን እጅ ይዛ ወደ መቀነቷ ትመልሳለች። እኔ በመካከል ካርዴን ማሽኑ ላይ ለማስነካት እዘረጋለሁ፤ ሁለቱም እጄን ይመታሉ። ከኋላችን አራት ሰው ቆሟል። ከነሱ አንዱ፣ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ሰው የተጣላ መስሎት «ሁሉ ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሴቶች እየተገባበዙ፣ አሥር ሳንቲም እኔ ልክፈል ብለው ሊደባደቡ የደረሱ መሆኑን በምን እንግሊዝኛ ላስረዳው? በመጨረሻ ልጅቷ ዕድሜ አሸነፋት። እኔ ከፈልኩ። ማሽኑ ግን ፌስታል ለብቻው መሸጥ ስላልለመደ አንድ ማስቲካ ጨመርኩ፤ ማስቲካውን እናቴ ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ አልቀበልም አለች። እሱንም ሌላ ጊዜ።

ታቲያና ሆሞኖፍ የምትባል ተመራማሪ በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ያጠናችው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ መደብሮች ቦርሳውን ይዞ ለመጣ ደንበኛ 5 ሳንቲም ይመርቁ ነበር፤ ማንም ቁብ አልሰጠውም። ያው 5 ሳንቲም ክፍያ ሆኖ ሲመጣ ግን ከመቶ ደንበኛ ከአርባ የሚበልጠው ፌስታል መውሰድ ተወ። ለእናቴ በመኪና እየሄድን ነገርኳት። «ታዲያ ይኼ ጥናት ይፈልጋል?» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «የኛን ሰው አልጠየቀችም እንጂ፣ አንዱ የአንዱን ልክፈል ሲል ማሽኑ ይበላሽባት ነበር።»

ፌስታልን የሠራው ሰው እናቴን ቢያገኝ ኖሮ ይግባቡ ነበር። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ይባላል፣ ስዊድናዊ መሐንዲስ፤ ለሴሎፕላስት ኩባንያ የሠራት ባለ ሁለት ጆሮ ፌስታል አሜሪካ ውስጥ በ1965 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘች። ልጁ በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ ያሰበው ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ነበር፤ ፌስታሉ ጠንካራ ስለሆነ ሰው ደጋግሞ ይይዘዋል ብሎ። እሱ ራሱ አንዷን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ይህን ስተረጉምላት እናቴ «ጨዋ ሰው ነው» አለች።

እሷ ቤት ፌስታል ሰባት ነፍስ አለው። ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ ትልቅ ፌስታል ተሰቅሏል፤ ሥራው ሌሎች ፌስታሎችን መውለድ ይመስላል። ዳቦ ይዞ የገባው ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ቀጥሎ የምሳ ዕቃ መጠቅለያ ይሆናል፤ ከዚያ በዝናብ ቀን የፀጉር መሸፈኛ፤ ከዚያ የጭቃ ጫማ መያዣ። የሚሞተው ከሰል ማያያዣ ሆኖ ነው፤ የጭሱን ነገር ባናነሳው ይሻላል።

እንዲህ እያልን ግንቦት መጨረሻ ላይ ጎረቤቷ ከአዲስ አበባ ደወለች። ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ጎረቤቷ በስልክ «ያስራሉ አሉ!» ስትል ይሰማኛል። እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ አፈጠጠችብኝ፤ ሕግ የወጣው በእኔ በኩል ይመስል። ፈልጌ አነበብኩላት። እስር ያለው ኬንያ ነው፤ እዚያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ አራት ዓመት ይደርሳል። የእኛው ይዞ ለተገኘ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ነው። በነገራችን ላይ እኛ አዲስ አይደለንም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ማምረትም ማስገባትም እንዳይፈቀድ ብሎ ነበር። ጉሊት ቃሪያ የሚገዛ ሰው ውፍረት መለኪያ ይዞ አይወጣምና ሁላችንም ከሕጉ ጋር በሰላም ኖርን።

«ልክ ናቸው» አለች እናቴ፣ ሳልጠብቅ። «ክረምት ላይ የሰፈራችን ቦይ የሚደፈነው በምን ሆነና? ባለፈው ዓመት ውሃው ቤቴ ገብቶ የለ?» ከዚያ ቆጠራ ውስጥ ገባች። «ግን እኔ እኮ አልጣልኩም። እኔ አንድም ቀን አልጣልኩም።» የስልሳ አንዱን ሳምቡሳ መሳቢያ ከፍታ አየችና ዘጋችው። አምስት ሳንቲም በዚያን ሰሞን ምንዛሪ ወደ ሰባት ብር ነው፤ ሲባዛ አራት መቶ ሃያ ሰባት ብር የሚያወጣ ሀብቷ በአንድ ጀምበር ኮንትሮባንድ ሆነ።

የጨርቅ ቦርሳዎቼን አቀረብኩላት። ባንክ የሰጠኝ፣ ቤተ መጻሕፍት የሰጠኝ፣ የጥርስ ሐኪም ጭምር። ትንሽ ሊቅ ለመምሰልም የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናት ጠቀስኩ፦ ጥጥ ሲመረት የሚያደርሰው የጉዳት ዓይነት ሁሉ ከግምት ገብቶ ሲሰላ፣ አንድ ተራ የጥጥ ቦርሳ ከፌስታል የተሻለ ለመሆን 7,100 ጊዜ መያዝ አለበት።

«በሳምንት አንዴ ገበያ ብወጣ?»

ስልኬ ላይ አሰላሁት። «አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት።»

«በል ስጠኝ» አለች። «ማቱሳላ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ኖሯል።»

ሐምሌ ላይ ስትመለስ አሥራ አንዱን የጨርቅ ቦርሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ ሄደች፤ የጥርስ ሐኪሙን ብቻ ተወችልኝ። ሚስማሩ ላይ አሁን የአሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ተሰቅሏል። ፌስታሎቹን አልወሰደቻቸውም። መሳቢያውን ስከፍት ግን ባዶ ነው። በስልክ ስጠይቃት «እዚያው ናቸው፣ ፈልግ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች።

ባለፈው ቅዳሜ ግሮሰሪ ሄድኩ። ቦርሳዬን ረሳሁት፤ የጥርስ ሐኪሙ መኪና ውስጥ ነው። ማሽኑ ፊት ቆሜ ካርዴን ለማውጣት ጃኬቴ ኪስ እጄን ስሰድ አንድ ሳምቡሳ አገኘሁ። በሌላኛው ኪስ ሌላ። በኋላ ቤት ስመለስ በካፖርቴም፣ ከሠርግ በቀር በማልለብሰው ኮት ውስጥም አገኘሁ። እዚያው ማሽኑ ፊት ግን አንዷን ፈታሁ፤ አዲስ አበባ ያለ የአንድ ኬክ ቤት ስም ተጽፎባታል። ዕቃዬን ሞላሁና ማሽኑ ሲጠይቀኝ፣ በሙሉ ድፍረት፣ ዜሮን ነካሁ። ማሽኑ በዕድሜው እንዲህ ያለ ፌስታል አይቶ ስለማያውቅ መሰለኝ ቀይ መብራቱን አብርቶ ሠራተኛ ጠራ።

ያቺው ልጅ መጣች። ዜሮዋን አየች፣ እኔን አየች። «ዛሬስ እማማ የሉም» ብላ ልትጀምር ስትል ቆም አለች። ጎንበስ ብላ ፌስታሉን አሸተተች።

«የማን በርበሬ ነው?»