ፌስታልና መስኮት

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ረዳቱን ያውቀዋል። ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ «ፌስታል የሚፈልግ!» ይላል። ፈላጊው ብዙ ነው፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ቁርሱም የተበላው ገና በጨለማ ነው። አቀስታ ሳይደረስ የሞላው ፌስታል በመስኮት ይወረወራል። አንዳንዱ መሬት ያርፋል፤ አንዳንዱ ግን ነፋስ መልሶት ከኋላ ወንበር በተከፈተ መስኮት ይሳፈራል፣ ያለ ትኬት።

ይህ በሕግ እንዴት ሲታይ ቆየ? በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በመንገድ፣ በመናፈሻና በአውቶቡስ ማቆሚያ ቆሻሻ መጣልን ይከለክል ነበር። አንዲት ብልህ ሐረግ ግን ነበረችው፦ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እያለ። ማጠራቀሚያውን የማቅረቡን ነገር ለከተማ አስተዳደሮች ጥሎት ነበር። እስቲ ከቦረና እስከ ለጋምቦ ባለው ደጋ መንገድ ዳር ቅርጫት ፈልጉ! ተከሳሽ ጠበቃ አያስፈልገውም ነበር፤ «ቅርጫቱን አሳዩኝና ልቀጣ» ካለ ዳኛውም ዝም ነበር።

ያው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታልንም ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ አልሰማም። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጨከን አለና ፌስታልን ጭራሹን የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ፤ ይዞ ለተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት፣ ለአምራቹና ለነጋዴው ደግሞ ከዚያ የከበደ።

ይህንን ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ ፌስታል ታጥባለች፤ አጥር ላይ አስጥታ፣ አጣጥፋ ከፍራሽ ሥር ትከታለች። የጨው አለ፣ የቡና አለ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላዋ የሚሆን ንጹሕ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ታዲያ የጣለውን ትተው ያስቀመጠውን ሊቀጡ ነው?»

«አይ፣ የያዘ ሁሉ ነው አክስቴ።»

ፍራሹን ቀና አድርጋ ክምሩን አየችው። «እንግዲህ በሬዎቹ ቢሸጡም ለቅጣቱ አይበቁ።»

እገዳውን እደግፋለሁ። ከገበያ ማግሥት ሜዳው ላይ የሚግጡ ከብቶች ፌስታል ሲያኝኩ ያየ ሰው አይቃወምም። ዘንቢል ትመለስ፣ ቅርጫትም ትምጣ። ቅጣቱ ግን ከአክስቴ ፍራሽ ሳይሆን ከአውቶቡሱ መስኮት ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ወርዋሪው እጅ ከፍንጅ የሚያዘው እዚያ ነውና። እስከዚያው ከኋላ የምትቀመጡ መንገደኞች፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ዝም ካለ መስኮታችሁን ዝጉ።