እግድ ድሮ ቀረ

እናንተ የዳባትና የደባርቅ ወገኖቼ፣ እናንተም ከአዲአርቃይ ሊማሊሞን እያቃሰታችሁ የምትወጡ፣ ዘንድሮ ያልተበላሸ ምን አለ? ጠላው ቀጥኗል፣ ብርዱ ከፍቷል፣ ልጁ ሽማግሌ ሲያይ ከስልኩ ቀና አይልም። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። እግድን ሲያበላሹት ግን አልቻልሁም።

በእኛ አገር ማገድ የእረኛ ሥራ ነው። እረኛ ከብቱን ከገብሱ ያግዳል፤ ሲመሽ ነድቶ ወደ በረት ያስገባል። የዘንድሮ እግድ ግን ቢመሽም ቢነጋም የሚያስገባው የለም።

ድሮ እግድ ወረቀት አያውቅም። «በሕግ አምላክ!» ወይም «በምኒልክ አምላክ!» ካልኸው ሰው እጁን እንደዘረጋ ይቆማል። ሌባ እንኳ የሰረቀውን በሬ በቀንዱ እንደያዘ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አያቴ ነው የነገረኝ፤ አያቴ ደግሞ ከርስት ሙግት በቀር ዋሽቶ አያውቅም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ቆሎ አብረው እየቆረጠሙ ጎንደር ሲደርሱ ልጅ ለልጅ ተሰጣጥተው፣ ዳኛው ለሠርግ ይጠራል። ፍጥነቱንስ አታንሡት! የአያቴ ሙግት በአባቱ ተጀምሮ፣ ለአባቴ ተላልፎ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ሲባል በአንድ ቀን አለቀ።

ወረቀቱ በ1958 ዓ.ም. በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መጣ፤ እግድም ቁጥር ወጣለት፣ አንቀጽ 154። የሚያከራክረው ንብረት እንዳይጠፋ፣ እንዳይበላሽ፣ ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ዳኛው «ጊዜያዊ» እግድ ይሰጣል አሉን። የታገደው ሰው ደግሞ በአንቀጽ 158 ይነሣልኝ ብሎ ያመለክታል። ጊዜያዊ እቴ! ሕግ የተማረው የልጅ ልጄ እንደነገረኝ፣ እንግሊዞች ተንጠልጥሎ የቀረን መብት «አቤያንስ» ይሉታል፤ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ነገሩም አፍ ከፍቶ መጠበቅ ነው። ከፈረንጅ ቁም ነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎረቤቴን እዩልኝ። ዋልያና ጭላዳ ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ፎቅ ቤት ጀመረ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ያልታየው ንግድ፣ ዛሬ የእኔን የጠዋት ፀሐይ ሊከልል ታየው! በደባርቅ ብርድ ፀሐይ መንጠቅ ካባ ከመግፈፍ በምን ይለያል? ወሰኔንም በስንዝር ገፍቷል፤ ስንዝር ባይሞላም ገፍቷል። እግድ አወጣሁበት። ይኸው ምሰሶው ቆሞ ቀረ፣ ፌሮው ዛገ፣ ሲሚንቶው በጆንያው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ሰውዬው ደግሞ ይነሣልኝ እያለ ያመለክታል። ምን አስቸኮለው? የዘንድሮ ሰው እኮ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።

ሽማግሌም ልኮብኛል። እኔ ዕርቅ ጠልቼ አይደለም፤ ሽማግሌ ሆነው የመጡት ትናንት ጡት የጣሉ ልጆች ሆነውብኝ እንጂ። ከመካከላቸው አንዱ ገና ሰባ ዓመት አልሞላውም።

ቀጠሮው ለሰኔ ነው። በስልክ መልእክት ነው የላኩልኝ፤ ድሮ ቢሆን ሰው መጥቶ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ ነግሮ ይሄድ ነበር። ጠበቃዬ «አባባ፣ ነገሩን እንቋጨው» ይለኛል። ልጅ ነው፣ ሙግት አያውቅም። ጉልበቱን አሞታልና ወደ ሐምሌ መጨረሻ ይገፋለት በል ብዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤቱም ለክረምት ይዘጋል።