ሳይገድሉ መፎከር

ሲያትል፣ ግንቦት ወር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ጋሼ፤
ጎባ፣ ባሌ

  

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ግድግዳችን ነው። የልጅቷን የልደት ፎቶ አይተው፣ «ከኋላዋ የተደረደረው ቀንድ ምንድን ነው? ሉካንዳ ከፈቱ እንዴ?» ማለትዎን እትዬ በስልክ ነግረውኛል። ሉካንዳ አልከፈትንም፤ ሥጋም የለም፣ የሞተም የለም። ቀንዱ ግን የእኛ ነው፤ እንደ ባለቤቴ አያያዝ ከሆነ ደግሞ ገና ይጨመራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ኤልክ የሚሉት ግዙፍ አጋዘን አለ። እርስዎ በዲንሾ ሲያልፉ የሚያዩት የእኛ ደጋ አጋዘን ቀንዱን አንዴ ካበቀለ እስኪሞት አይለየውም፤ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ከጥፍር ዓይነት ነገር የተሠራ ሽፋን ነው። የኤልክ ቀንድ ግን ሙሉ በሙሉ አጥንት ሆኖ በየዓመቱ ይወድቃል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ ይበቅላል። በሚያድግበት ወራት ከፈይ በመሰለ ቆዳ ይሸፈናል፤ በቀን ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል የሚጨምርበት ጊዜም አለ። ሲጠነክር አውሬው ዛፍ እየታከከ ቆዳውን ይገፈዋል። መስከረም ላይ በዚያው ቀንድ ስለ ሴት ይዋጋበታል። የፍቅሩ ወራት ሲያልፍ የወንድነት ሆርሞኑ ይቀንስና ቀንዱ ከራስ ቅሉ ጋር የተያያዘበት ቦታ ይላላል፤ መጋቢት አካባቢ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ነገ እያለ ይወድቃል።

«ለላም ቀንዷ አይከብዳትም» እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ለኤልክ ከብዶታል፣ ጋሼ! የትልቁ ወንድ ጥንድ ቀንድ እስከ 18 ኪሎ ይደርሳል። ክረምቱን ተሸክሞት ይከርምና በረዶው ሲቀልጥ «በቃኝ» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ተረታችን ባሕሩን ሲሻገር አልሠራም።

ባለቤቴን ወደዚህ ነገር የከተተው አንድ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከተራራው ማዶ፣ የፖም እርሻ ከሞላበት ከያኪማ አካባቢ የመጣ ሰው። እዚያ ናቺዝ ከምትባል ከተማ አጠገብ ኦክ ክሪክ የተባለ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ አለ። ብርዱ ሲበረታ ኤልኮቹ ከተራራ ይወርዳሉ፤ የገበሬውን ፖም እንዳይጨርሱበት የክፍለ ግዛቱ መንግሥት አጥር አጥሮላቸው ድርቆሽ ይቀልባቸዋል። እዚህ አገር አውሬም ጡረታ አለው ማለት ነው። ቦታው በብርዱ ወራት ለሰው ዝግ ነው። ክረምቱን የገፋ አውሬ ስቡ አልቆ ስለሚደክም፣ ቀንድ ለቃሚ ካባረረው የቀረችውን አቅም በሩጫ ይጨርሳታል። በሩ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሜይ 1 ማለዳ ነው።

ሜይ 1 መቼ እንደሚውል ያውቃሉ? ሚያዝያ 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት! እርስዎ ነጠላዎን አጣፍተው ታቦት ሲያነግሡ የእህትዎ ልጅ ባል ጫማውን በጭቃ ለውሶ በር ላይ ተሰልፏል። በሩ ሲከፈት ሰዉ በእግሩም፣ በመኪናውም፣ በፈረሱም ይጋፋል። «በዓመት በዓል እንዲህ ይደረጋል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጊዮርጊስስ በፈረስ አይደል እንዴ?» ብሎኝ እርፍ። መልስ ያጣሁት ለዚህ ብቻ ነው።

የወደቀ ቀንድ ለማንሣት የአደን ፈቃድ አይጠየቅም፤ መኪና ለማቆም ግን ይከፈላል። አሜሪካን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጅን ቢሉኝ ይህንን ነው የምነግርዎት። ደግሞ ሁሉም ቦታ አይፈቀድም። ከሲያትል በመርከብ ተሻግረን ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክን አይተናል፤ የቦታው ኤልክ ስሙን ያገኘው ከፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። ሰውየው ራሱ የታወቀ አዳኝ ሲሆን፣ በ1909 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይህን ቦታ ያስከለለው ኤልኮቹ እንዳያልቁ ብሎ ነው። በፓርኩ ውስጥ ቀንድ አይደለም ጠጠር ማንሣት ክልክል ነው። ባለቤቴ መንገድ ዳር አንድ ቀንድ አይቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያልፍ የነበረውን ፊት ቢያዩት፣ በሑዳዴ ሉካንዳ ደጃፍ የሚያልፈው እንኳ እንደዚያ አይሆንም።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። በእኛ አገር ኩላብ ለመትከል ግድግዳው ጭቃ፣ መዶሻው ድንጋይ ሆኖ ይበቃል። የዚህ አገር ግድግዳ ስስ ጂፕሰም ነው፤ ከጀርባው በየ40 ሳንቲሜትሩ ግድም እንጨት ይቆማል፤ ብሎኑ እንጨቱን ካልያዘ ቀንዱ ሌሊት ከነግድግዳው ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቴ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በጣቱ እያንኳኳ ይሄዳል። «እዚህ ባዶ ነው፤ እዚህም ባዶ ነው፤ ቆይ...» ሲል ከወዲያ በኩል ጎረቤታችን መልሶ አንኳኳ። ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ በደንብ የተነጋገሩት ያን ቀን ነው። ተከራይ ስለሆንን እያንዳንዷ ቀዳዳ ስንወጣ ከመያዣው ገንዘብ ላይ ትቆረጣለች፤ ቀንዱ በነጻ ተገኘ የሚለኝ ይህን ረስቶ ነው።

አንዱን አውርጄ ስወለውል በደንብ አየሁት። ከራስ ቅሉ የለቀቀበት ሥሩ ዙሪያውን ጥቃቅን እብጠት ያለበት ሸካራ ነገር ነው። መሃሉ ከዛፍ ቅርፊት ጋር ሲታከክ የጠቆረ ቡናማ ሲሆን፣ ጫፎቹ ግን ነጥተውና ለስልሰው ያበራሉ። ከበታቹ የአይጥ ጥርስ ቦርቡሮታል፤ ጫካ የቀረውን ቀንድ ለካልሲየሙ ሲሉ ይግጡታል። የሚገርምዎት፣ የአንዱን አውሬ ግራና ቀኝ አብሮ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው፤ ባለቤቴ ግራውን ካገኘ ቀኙን ፍለጋ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የለውም። የካልሲውን ጥንድ አንድ ቀን እንኳ ፈልጎ አያውቅም። ሴቷ ኤልክ ደግሞ ቀንድ የላትም፤ አቧራውን የምታራግፈው ግን ሴት ናት።

እንግዳ ሲመጣ ነው ጉዱ። ከሬኒየር አቬኑ በኩል የመጡ አንድ አባት ቡናቸውን ይዘው ቀንዶቹን አንድ በአንድ ቃኙና፣ «ስንቱን ገደልክ?» አሉት። «ኧረ ለቅሜ ነው» አላቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ነበር የምናውቀው። አንተ ከዋለበት ለቅመሃል፤ ደህና ነው» አሉ። ሽልማት ነው ብሎ ለሳምንት ደስ ብሎት ሰነበተ። ሌሎቹ ግን ሳይጠይቁ ኮታቸውን፣ ጃንጥላቸውን፣ ነጠላቸውን ሰቅለውበት ይቀመጣሉ። «ጌጥ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ሐበሻ ቀንድ ግድግዳ ላይ ካየ ኩላብ ነው። የፎቅ ጎረቤታችን ውሻም የራሱ አስተያየት አለው፤ የውሻ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይኸው ቀንድ ተቆራርጦ ለማኘኪያ ስለሚሸጥ በራችን በተከፈተ ቁጥር ለሃጩን እያዝረበረበ ይቆማል።

አሁን ደግሞ ዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ያለችውን የጃክሰን ከተማን ፎቶ አሳይቶኛል። የአደባባዩ አራት ማዕዘን ላይ ከኤልክ ቀንድ ብቻ የተሠሩ ቅስቶች ቆመዋል፤ የመጀመሪያው በ1953 ነው የተሠራው። በአጠገቡ ካለው የኤልክ መጠለያ ስካውት ልጆች የወደቀውን ቀንድ ለቅመው በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣሉ፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሶ ለመጠለያው ሥራ ይውላል። «ለልጅቷ ሠርግ እንዲህ ያለ በር እንሠራላታለን» ይለኛል። ልጅቷ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነው።

ስቄበት ስቄበት ሳበቃ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ፈረንጁ ለፈቃዱ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ባሌና አርሲ ድረስ ይመጣል፤ ከእኛ ምድር ውጭ የትም የማይገኘውን ደጋ አጋዘን ገድሎ ራሱን ይዞ ይመለሳል፣ ሳሎኑ ውስጥም ይሰቅለዋል። የባሌ አማች ደግሞ የእነሱን አውሬ ቀንድ ከሣር ላይ አንሥቶ ሰቀለ። የዚያ ግድግዳ ባለቤት እንግዳ ሲመጣ የሚያወራው ስለ አንድ የሞተ አውሬ ነው። የእኛ ቀንድ ባለቤት ግን ይህን ስጽፍልዎት ሣሩን እየጋጠ አዲሱን ያበቅላል። ለባለቤቴ አይንገሩብኝ እንጂ ግድግዳችንን በዚያኛው አልለውጥም። ከቀንዶቹ መሃል አንዲት አሥር ሳንቲም በትንሽ ፍሬም አድርጎ ሰቅሏል፤ ጀርባዋ ላይ ደጋ አጋዘን አለ አይደል? ልጆቹ የአገራቸውን አውሬ የሚያውቁት በሷ ነው። ሐበሻ እንግዳ ሁሉ ቀንዱን ትቶ እሷን ለማየት መነጽሩን ያወጣል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ላስቸግርዎት። አንደኛው፣ በወንዶቹ ጨዋታ መሃል ተነሥቶ መፎከር አምሮታል፤ የገደለው የለም እንጂ። ፉከራ በእርስዎ ያምራልና አንድ ሁለት ስንኝ ይላኩለት። እኔ የቻልኩት ይህን ነው፦

ዘራፍ!
ጎራዴ ያልመዘዘ፣ ጠመንጃ ያልያዘ፣
አውሬ የጣለውን፣ በጀርባው ያጋዘ!

ሁለተኛው ምስጢር ነው። እርስዎ ቤት የተሰቀለውን የአያታችንን የጎሽ ቀንድ ለግድግዳው መሃል ፈልጎታል፤ በፋሲካ ሊደውልልዎ አስቦ ነበር፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት። የዱር እንስሳ ቀንድ ከዚያ ለማውጣትም ወዲህ ለማስገባትም ስንት ፈቃድና ማስታወቂያ እንደሚጠይቅ ብነግረው አልሰማ አለኝ። ከደወለ ብል በልቶታል ይበሉት። የደረቀ ቀንድ የሚበላ ብል ስላለ ውሸት አይባልብዎትም።

እትዬን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይሳሙልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ