ዳቦ ቀቃዩ

የኔ ኃጢአት ለንስሐ አባት ለመንገር እንኳ የሚያሳፍር ዓይነት ነው፤ ነገርን እስከ መጨረሻው አልሰማም። መጽሐፍ ከመሃል እዘጋለሁ። የሚያስረዳኝ ሰው ገና አፉን ሳይዘጋ «ገባኝ፣ ገባኝ» እለዋለሁ፤ ከዚያ ያልገባኝን ነገር ለሌላ ሰው አስረዳለሁ። ዳቦ የቀቀልኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

ቤግል የሚባለው ቀለበት የመሰለ ዳቦ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። የፖላንድ አይሁዶች ዳቦ ነው፤ ስሙ በ1610 (እ.ኤ.አ.) በክራኮው የአይሁድ ማኅበረሰብ ደንብ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ጋጋሪው ሊጡን አንከባለለ፣ ጫፍና ጫፉን አገናኘ፣ የፈላ ውኃ ውስጥ ጣለው። «ለካ ይቀቀላል!» አልኩና ቪዲዮውን ዘጋሁት። ውኃው ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያም ወጥቶ ምድጃ እንደሚገባ የሚያሳየው ገና ሊመጣ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ አክስቴን ምሳ ጠርቼ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ መብራት ጠፋ። መብራት ጠፋ ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ምክንያት የማይቀበል እንግዳ የለም። እኔ ግን ዕውቀቴን የማሳይበት ቀን የመጣ መሰለኝ። ቡታጋዙን ለኩሼ ትልቁን ድስት ጣድኩ፤ ሊጡን ቡጢ ቡጢ የሚያካክል አድርጌ አድቦለቦልኩና ከፊሉን ጨመርኩት።

መጀመሪያ ሰመጠ። ትንሽ ቆይቶ ተንሳፈፈ። ሊጡ ውስጥ የታሰረው አየር ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ነው እንጂ መብሰሉ አልነበረም፤ እኔ ግን በሰለ ብዬ አወጣሁት። ስገምሰው መሃሉ ሊጥ ነው። ሌሎቹን ተውኳቸው፤ ቆይተው ሲወጡ ላያቸው ያሟልጫል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ቀዝቀዝ ሲሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ የዋለ እጅ መስለው ተጨማደዱ።

ኋላ ጥፋቱን የማላክክበት ስፈልግ ሳይንስ አገኘሁ (እሱንም አንብቤ አልጨረስኩም)። የዱቄት ስታርች ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ ሙጫ ይሆናል። ምድጃ ውስጥ ቢሆን ላዩ ይደርቃል፤ ድስት ውስጥ የት ሄዶ ይድረቅ? የዳቦን ቅርፊት የሚያቀላው ደግሞ ስኳርና ፕሮቲን በኃይለኛ ሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠረው ለውጥ ነው። ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1912 (እ.ኤ.አ.) ጽፎበታል። ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይፋጠናል። ውኃ ግን ባሕር ጠለል ላይ በ100 ይፈላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ውስጥማ በ92 ገደማ። ሳምንት ሙሉ ባነድበት ያ ሊጥ አይቀላም ነበር።

የሚያሳፍረው፣ ሊጥ ሲፈላ ሙጫ እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ነው ያደግሁት። አብሲት ሲጣል ከቦካው ሊጥ ላይ ተቀንሶ፣ በውኃ ቀጥኖ፣ እየተማሰለ ይፈላና ተመልሶ ሊጡ ላይ ይደፋል። ሊጡ የሚያያዘው፣ እንጀራውም ዓይን የሚያወጣው በዚያ ነው። አክስቴ አብሲት ሲጥሉ አጠገባቸው ቆሜ ስለ ስታርች ያስረዳሁ ሰው ነኝ። አላቋረጡኝም። እሳቸው ሰው ያስጨርሳሉ።

የዚያን ዕለት ግን ገብተው ድስቱን አዩና ዝም አላሉም።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የአይሁድ ዳቦ ነው፣ እትዬ።»

«እኔማ ሕብስት መስሎኝ። ሕብስት እኮ ውኃው አይነካውም።»

ሕብስት ድስት ሥር ጥቂት ውኃ ተደርጎ፣ በላዩ እንጨት ተረብርቦ፣ በእንፋሎት ብቻ የሚበስል ዳቦ ነው። እናታቸው ሲሠሩት አይተዋል። እኔ ደግሞ አላየሁም፤ ስለዚህ ይኼኛው የተሻሻለው ነው አልኳቸው።

ንስሐ የገባሁ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲህ ቼኮች ክኔድሊኪ የሚሉት ነገር እንዳላቸው ሰማሁ፤ እርሾ ያለበትን ሊጥ አርዝመው ይቀቅሉታል። ሲወጣ እንፋሎቱ ታምቆ እንዳያበላሸው ወዲያው ይወጉታል፣ በክር ይቆርጡታል፣ ከወጥ ጋር ይበሉታል። ይህን በሰማሁ ጊዜ ማፈር ሲገባኝ ኮራሁ። ባልደረቦቼ ፊት የዚያን እሑድ ምሳ «በቦሄሚያ አሠራር» ብዬ አውርቻለሁ። ኮንሶዎች የበቆሎና የማሽላ ሊጥ አድቦልቡለው ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቅሉትን ኩርኩፋንም ለመከላከያዬ ጠቅሻለሁ። ኩርኩፋ እርሾ እንደሌለበት፣ ዳቦ ነኝም ብሎ እንደማያውቅ ግን ዘልዬዋለሁ።

ያን እሑድ አክስቴ የተጨማደደውን ቆራርሰው፣ ቂቤ አቅልጠው በርበሬ በተኑበትና ቀመስ አደረጉ። አልከፋም አሉ፤ በቂቤና በበርበሬ የሚከፋ ነገር የለም። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ማቀዝቀዣው አዘነበሉ።

«ይኼ ነገር ያጉረመርማል። መብራቱ መጥቶ የለም እንዴ?»

መጥቶ ነበር። መቼ እንደመጣ እንጃ፤ እኔ ድስት ላይ ነበርኩ። ምድጃው አጠገቤ ነው፤ ከሊጡም እኩሌታው ገና ሳህን ላይ ነበር።

«አውቃለሁ» አልኳቸው፤ የቀረውንም ቀቀልኩት።